4,294,967,297 ለተማሪዎች ገጽ ይገባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጦቻችን የተማሪዎችና የመዝናኛ ዓምዶች ላይ ትልልቅ ቁጥሮች ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ለመገረም ነው። ይህ ቁጥር በዚያ ሲባዛ አኀዞቹ ይገለበጣሉ፣ ወይም ይደጋገማሉ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነገርም። አንባቢው ተደንቆ ገጹን ይገልጣል፣ በእጁም የቀረ ነገር የለም። በዚያ ቦታ አንድ ቁጥር እንኳ ከነምክንያቱ ቢወጣ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የማቀርበው 4,294,967,297ን ነው። 32 ሁለቶች ተባዝተው በውጤቱ ላይ 1 ሲደመር የሚገኘው ነው። አንድ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ የተሳሳተበት ቁጥር ሲሆን ስሕተቱን ለማየት ወረቀት፣ እርሳስና ማካፈል መቻል ይበቃል።

ሥሩ እንዲህ ነው። ተማሪው 2ን ይውሰድ፣ በራሱ ያባዛው፣ የመጣውን እንደገና በራሱ ያባዛው፤ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ላይ 1 ሲጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ያገኛል። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሰው የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህ ሰልፍ እስከ መጨረሻው ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ እንደሚሰጥ ማመኑን ገለጸ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለትም አልደበቀም። ከአምስቱ ቀጥሎ የሚመጣው ስድስተኛው ደግሞ የእኛ ቁጥር ነው፦ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት።

ዘጠና ዓመት ያህል እምነቱን ያፈረሰ አልተገኘም። ኋላ የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ጎልድባክ ጉዳዩን በሴንት ፒተርስበርግ ለነበረው ለወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ለሊዮናርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣለት፤ ኦይለርም እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩ በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አስታወቀ፦

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ተማሪን የሚያስተምረው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ 641 ከየት መጣ?

በትምህርት ቤት የሚታወቀው መንገድ እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ነው። የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። አንዱ ማካፈል አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ሁሉንም ለመጨረስ ከ100 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ተማሪ የለም። የሚያደርጉት በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ሞክረው፣ አልተካፈለም፣ እንግዲያው ብቸኛ ነው ብሎ መደምደም ነው። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። 641 ከብቸኛ ቁጥሮች 116ኛው ስለሆነ፣ መቶ ብቸኛ ቁጥሮችን በትዕግሥት የሞከረ ሰው እንኳ 541 ላይ ቢያቆም በስሕተት ይደመድማል። መጨረሻው 7 መሆኑም የሚያስረዳው ነገር የለም። 16 በራሱ ሲባዛ መጨረሻው 6 ነው፣ ያም በራሱ ሲባዛ እንደገና 6 ነው፤ ስለዚህ ከ17 ጀምሮ የሰልፉ ቁጥሮች ሁሉ በ7 ያልቃሉ፣ ብቸኛም ሆኑ አልሆኑ።

የትንንሾቹ አካፋዮች ፈተና በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ብልሃት ሲታከልበት በአንድ መስመር ያልቃል። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት አኀዝ እየቆረጡ 297፣ 967፣ 294፣ 4 ማለት ነው። አንዱን እየደመሩ ቀጣዩን ሲቀንሱ 297 − 967 + 294 − 4 = −380 ይሆናል። 1,001 ማለት 7 × 11 × 13 ስለሆነ፣ ትልቁ ቁጥርና −380 በሦስቱም ሲካፈሉ እኩል ቀሪ ይሰጣሉ። 385 የ7ም የ11ም ብዜት ነው፤ ሲደመርበት 5 ይመጣል፣ በሁለቱም ቀሪው ይኸው ነው። 390 የ13 ብዜት ነው፤ ሲደመርበት 10 ይመጣል። ሦስት ረጃጅም ማካፈሎች በአንድ ቅነሳ ተጠናቀቁ።

የግእዝ ቁጥርን የሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ተዘጋጅቶለት ይጠብቀዋል። ቁጥሩ በግእዝ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ተብሎ ይጻፋል። በ፻ና በ፼ ምልክቶች መካከል ያሉት 42፣ 94፣ 96፣ 72 እና 97 ናቸው፤ አጻጻፉ ራሱ ቁጥሩን በመቶ ቤት ቆርጦ ያቀርበዋል። ሲደመሩ 401 ይሆናሉ፤ 99 አራት ጊዜ ሲወጣለት 5 ይተርፋል። ስለዚህ ቁጥሩ በ3ም፣ በ9ም፣ በ11ም አይካፈልም። ተራ በተራ ሲደመሩና ሲቀነሱ ደግሞ 97 − 72 + 96 − 94 + 42 = 69 ነው፤ በ101 ሲካፈል የሚቀረው ይኸው ነው። የግእዝ አኀዝን የምናስተምረው የገጽና የምዕራፍ ቁጥር ለማንበብ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀርብናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ብቸኛ ቁጥር ቁጥራችንን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ 2³² በእርሱ ሲካፈል ቀሪው −1 ነው፤ 1 ሲደመርበት ዜሮ ይሆናልና። −1 በራሱ ሲባዛ 1 ስለሆነ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ነው። የ2 ርቢዎች ቀሪ እየዞረ የሚደጋገም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 1 የሚመለስበት የዙር ርዝመት 64ን የሚያካፍል መሆን አለበት፣ 32ን ግን ሊያካፍል አይችልም፤ በ32ኛው ላይ ቀሪው 1 ሳይሆን −1 ነበርና። 64ን አካፍሎ 32ን የማያካፍል ቁጥር ደግሞ ራሱ 64 ብቻ ነው። ፌርማ በዚያው በ1640 የጻፈው ሌላ ሕግ አለ፦ ይህ የዙር ርዝመት ሁልጊዜ ከብቸኛው ቁጥር አንድ ተቀንሶ የሚገኘውን ያካፍላል። እንግዲህ የቁጥራችን ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ከ64 ብዜት በ1 ይበልጣል።

ይህ 6,542 እጩዎችን ወደ ምን ያህል እንዳወረደ ይታይ። ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጡት 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 ናቸው። ብቸኞቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ያለ ማካፈል ይወጣል። ከቁጥራችን 2 ሲቀነስ የሚገኘው 4,294,967,295 የአምስቱ ቀዳሚዎች ብዜት ነውና፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። ስለዚህ ቁጥራችን በ257 ሲካፈል ሁልጊዜ 2 ይተርፋል፤ ጎልድባክ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። የቀረው አራት ማካፈል ነው። ኤድዋርድ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ 64ን ወደ 128 ከፍ አደረገው፤ አካፋዩ በ8 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ስለሆነ የ2 ቀሪ ራሱ የሌላ ቁጥር ዳግም ርቢ ነው፣ ያ ሌላው ቁጥር ደግሞ ዙሩ 128 ነው። በሉካስ ሕግ እስከ 641 ያሉት ብቸኛ እጩዎች 257 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ወጥቷልና የመጀመሪያው ማካፈል ራሱ መልሱ ነው! ፌርማ ሉካስን ሳይጠብቅ በራሱ ሕግ ብቻ አምስት እጩዎችን ቢፈትን ይበቃው ነበር። ብቸኛ ይመስለኛል ማለትና መሣሪያን እስከ መጨረሻው መጠቀም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪዎቻችን ማየት ያለባቸውም ይህን ነው።

ማካፈሉ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ልጻፍ፤ በክፍል ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 8 አኀዝ ካልኩሌተር ይህን ባለ 10 አኀዝ ቁጥር አይቀበልም። ቁጥሩን ለሁለት መቁረጥ ነው፦ 42949 እና 67297። መጀመሪያ 42949 ለ641 ሲካፈል 67 ደርሶ 2 ይቀራል። 2ቱን ከሁለተኛው ቁራጭ ፊት ማስቀመጥ፦ 267297። ይህ ለ641 ሲካፈል 417 ደርሶ ምንም አይቀርም። ብዙ ተማሪ ታዲያ ሁለቱን ድርሻዎች አጋጥሞ 67417 ይላል። ሁለተኛው ቁራጭ አምስት አኀዝ ስለነበረ ድርሻውም አምስት ቤት መያዝ አለበት፦ 00417። ትክክለኛው ድርሻ 6700417 ነው። ሁለቱ ዜሮዎች ሲጠፉ መልሱ መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል፤ በ641 መልሶ ያላባዛ አያውቀውም።

ትልቁን ቁጥር ጨርሶ ሳይነኩ ማረጋገጥም ይቻላል። በ641 ቀሪ ብቻ እየያዙ 2ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፦ 4፣ 16፣ 256፣ ከዚያ 65,536። 641 × 102 = 65,382 ስለሆነ ከ65,536 የሚተርፈው 154 ነው። 154 × 154 = 23,716፤ 641 × 37 ደግሞ 23,717። ቀሪው −1 ነው፣ 1 ሲደመርበት ዜሮ። ከዚህም የሚያምር ማረጋገጫ አለ። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ 5 × 128 + 1፣ እንዲሁም 625 + 16፣ ማለትም 5⁴ + 2⁴። ከመጀመሪያው 5 × 2⁷ በ641 ቀሪው −1 ነው፤ ወደ 4ኛ ርቢ ሲነሣ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ከሁለተኛው 5⁴ እና −2⁴ እኩል ቀሪ አላቸው። አንዱን በአንዱ ቦታ ስንተካ −2³² ቀሪው 1 ነው፤ አለቀ። ይህ አራት መስመር ነው፤ በጋዜጣው አንድ ዓምድ ጥግ ላይ ይገባል።

ሁለተኛው አካፋይ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው ወይ? ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሥራው ግን ያላለቀ ነው። ዳግም ዘሩ 2,588 ግድም ነው። አካፋይ ቢኖረው የትልቁም አካፋይ ስለሚሆን ከ128 ብዜት በ1 መብለጥ አለበት፤ እስከ 2,588 ድረስ እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። ሲካፈል የሚተርፈው በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ነው። አንድም ዜሮ የለም፤ 6,700,417 ብቸኛ ነው። ባለ ሰባት አኀዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ በአምስት ማካፈል ተረጋገጠ።

ኮምፒውተር ለሚማሩት ደግሞ ይህ ቁጥር ወጥመድ አለው። በብዛት የሚሰጠው ፈጣን ፈተና 2ን ከቁጥሩ በ1 በሚያንስ ርቢ አንሥቶ ቀሪው 1 መሆኑን ማየት ነው፤ 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። 1 ከሆነ ግን ብቸኛ ነው ማለት አይደለም፣ ለዚህም የእኛ ቁጥር ምስክር ነው። 2⁶⁴ በቁጥራችን ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው ቀደም ሲል ባየነው መንገድ ግልጽ ነው፤ ከቁጥሩ 1 ሲቀነስ 2³² ነው፣ የ64 ብዜት። ስለዚህ ቀሪው በግድ 1 ነው፣ ፈተናውም ይሸወዳል። በ2 ፋንታ 3 ሲወሰድ ግን ቀሪው 3,029,026,160 ይመጣል፤ 1 አይደለምና ቁጥሩ ወዲያውኑ ይጋለጣል። ይህን በፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። በ32 ቢት የሚያዝ ምልክት አልባ ኢንቲጀር ከ0 እስከ 4,294,967,295 ብቻ ይይዛል፤ ቁጥራችን ሲገባበት 1 ሆኖ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም ቅሬታ ሳያሰማ የ1ን አካፋዮች ይፈልጋል። ኤክሴል ደግሞ 15 አኀዝ ብቻ በትክክል ይይዛል፤ የቀሪዎቹ ብዜት እስከ 20 አኀዝ ስለሚደርስ የመጨረሻዎቹ አኀዞች ወደ ዜሮ ይለወጣሉ፣ ቀሪውም ከንቱ ይሆናል። በ3 ለሚደረገው ፈተና ባለ 64 ቢት ምልክት አልባ ኢንቲጀር ይበቃል፤ በ2 ሲፈተን ግን 2³² በራሱ ተባዝቶ 2⁶⁴ ስለሚሆን በእርሱም አይያዝም።

አካፋዮቹን በፍጹም ሌላ በር ማግኘትም ይቻላል። ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር መሆኑ ከአፈጣጠሩ ይታያል፦ 65,536² + 1²። ነገር ግን 62,264² + 20,449²ም ነው፦ 3,876,805,696 እና 418,161,601 ሲደመሩ። ኦይለር እንዳስተማረው በሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዲህ የሚጻፍ ቁጥር ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ አካፋዮቹም ከሁለቱ አጻጻፎች ይወጣሉ። 65,536 − 62,264 = 3,272፤ 20,449 + 1 = 20,450። የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 818 ነው፤ ሲካፈሉለት 4 እና 25 ይሰጣሉ። 4² + 25² = 16 + 625 = 641። ትልቁን የጋራ አካፋይ መፈለግ ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ ምን እንደሚጠቅም ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጎረቤቶቹም ሥራ ላይ ናቸው። 4,294,967,296 በቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ሊሰጡ የሚችሉት አድራሻዎች ጠቅላላ ብዛት ነው። 65,537 ድረ ገጾች መልእክት ለመቆለፍ በሚጠቀሙበት ስሌት ውስጥ የተለመደ አርቢ ነው። 4,294,967,295 ደግሞ የጂኦሜትሪ ነው። ካርል ፍሪድሪሕ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796 ባለ 17 ጎን እኩል ጎኖች ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊነሣ እንደሚችል አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ፒየር ቫንትዜል ማጠቃለያውን ዘጋው። የጎኖቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ፣ ሊነሡ የሚችሉት የዚህ ሰልፍ ብቸኛ ቁጥሮች ወይም የተለያዩት እርስ በርስ ሲባዙ የሚሰጡት ብቻ ናቸው። በአምስቱ የሚገኙት 31 ናቸው፤ ትልቁ 4,294,967,295።

ከአምስቱ በኋላ በዚህ ሰልፍ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። ሰልፉን ከ0 ጀምረን ብንቆጥር የእኛ ቁጥር 5ኛው ነው፤ ከ5ኛው እስከ 32ኛው ያሉት ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል፣ 33ኛው ገና አልተፈታም። ሙሉ በሙሉ ወደ አካፋዮቻቸው የተበተኑት እስከ 11ኛው ያሉት ብቻ ናቸው።

አዘጋጁን የምጠይቀው ይህ ነው፦ በተማሪዎች ገጽ አንድ ቁጥር ይሰጥ፣ ከነሥራው ይሰጥ፣ ስሕተቱ የት እንደሚፈጠርም ይጻፍ። ለመጀመሪያ ጥያቄ ቀጣዩን ቁጥር አቀርባለሁ፦ 18,446,744,073,709,551,617፣ 2⁶⁴ ላይ 1 ሲደመር። ላንድሪ እ.ኤ.አ. በ1880 የበተነው በ274,177 እና በ67,280,421,310,721 ነው። ተማሪው ትልቁን ቁጥር ሳይጽፍ በ274,177 እንደሚካፈል ያሳይ። ከ256 ብዜት በ1 መብለጡን በማየት ይጀምር፦ 256 × 1,071 + 1። ከዚያ 2³² ማለት 274,177 × 15,665 ሲቀነስ 15,409 መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቀጥሎም 15,409 × 15,409 + 1 ስንት ጊዜ 274,177 እንደሆነ ያስላ። ድርሻው 866 ካልመጣለት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከ15,665 ይልቅ 15,664 ወስዶ፣ አሉታዊውን ቀሪ ትቶ በ258,768 ማባዛቱ ነው። ያም መንገድ ትክክል ነው፤ ብዜቱ ግን በ9 አኀዝ ፋንታ 11 አኀዝ ስለሚሆን ሥራው ይረዝማል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሒሳብ መምህር፣ ባሕር ዳር